ግምትን በዕውቀት ዋጋ ስለ መሸጥ

የሐሰት ዓይነቱ ብዙ ነው። ነገሩ እንዳልሆነ እያወቀ ሆኗል የሚል ሰው ሐሰተኛ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቀዋልና ስለ እርሱ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። ነገር ግን ሌላ ዓይነት ሰው አለ፤ እርሱም ነገሩ እውነት ይሁን ሐሰት ሳይለይ «ዐውቃለሁ» ብሎ የሚናገር፥ በኋላም እንደ አጋጣሚ ነገሩ እርሱ እንዳለው ሆኖ የሚገኝለት ነው። ይህስ ሰው ዋሽቷል ወይስ አልዋሸም? ቃሉ እውነት ሆኖ ተገኝቷልና ዋሽቷል ለማለት ያስቸግራል፤ ሳያውቅ ዐውቃለሁ ብሏልና እውነተኛ ነው ለማለትም ያስቸግራል።

ይህን ጥያቄ በባዶ ቃል ከመመርመር ይልቅ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ብንመረምረው ይሻላል፤ በጋራዥ ውስጥ የተነገረ ቃል ወዲያው ገንዘብ ያስወጣልና። እንግዲህ ከአንጋጫ ድንች፥ ከዶዮገና ጎመን ጭኖ በሆሳዕና በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና እናስብ። መኪናው ሜዳውን ደኅና ሲሄድ ይቆይና ዳገት ሲይዝ ኀይል ያንሰዋል፤ ጥቂት ያንገራግራል፤ ኋላም ቀጥ ይላል። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ በጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመው ቢያስነሡት ምንም እንዳልነበረበት ተነሥቶ ይሄዳል፤ ከሁለት ዳገት በኋላ ግን ያው እንደ ቀድሞው ይሆናል። ሾፌሩ እንዲህ እየተንፏቀቀ ሆሳዕና ያደርሰውና ጋራዥ ያስገባዋል። መካኒኩ ሞተሩን አንድ ጊዜ አስነሥቶ፥ ጆሮውን አዘንብሎ ያዳምጥና «ፖምፓው ሞቷል፤ መለወጥ አለበት» ይላል።

በዚህ አገር የሚኖር ሰው የጭነት መኪና በምን ዓይነት ገንዘብ እንደሚገዛ ያውቃል። ከሐዲያና ከከምባታ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ለሆነ ጊዜ እጅግ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ ኖረዋል። እዚያም በትንንሽ ሱቅ ተቀምጠው፥ ከዘራፊ ጋር እየተጋፈጡ ያጠራቀሙትን ወደ አገር ይልካሉ፤ እዚህ የቀረው ወንድምም አይሱዙ ይገዛበታል። በመንገድ የቀሩ አሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር በመጋቢት ወር 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ በሚባለው አውራጃ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል፤ ኢትዮጵያውያን መሆናቸውም ተነግሯል። እንግዲህ መካኒኩ «ይለወጥ» ብሎ ሲያዝ የሚያዝበት ገንዘብ ይህን በመሰለ መንገድ ተጉዞ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ይህ ፖምፓ ደግሞ የሻማ ወይም የአምፑል ያህል ዋጋ ያለው ዕቃ አይደለም። ከሞተሩ አካል ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው። በአብዛኛው በአቅራቢያ አይገኝምና ሰው ወደ አዲስ አበባ መላክ ያስፈልጋል፤ የተላከውም ሰው መርካቶ ገብቶ ሶማሌ ተራን ሲዞር ይውላል። አዲስ አለ፥ ያገለገለ አለ፥ አዲስ መስሎ የተሠራ ሐሰተኛ ዕቃም አለ። ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ጎመኑ በጆንያ ውስጥ ይጠወልጋል፤ ድንቹ ጥቂት ይታገሣል።

አሁን ስለ ፖምፓው ሥራ ጥቂት እንናገር፤ ይህን ያላወቀ ሰው የነገሩ ክብደት የት ላይ እንዳለ አይረዳውምና። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1892 ያሰበውና በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ ሠርቶ ያሳየው ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር እሳት የሚጭርበት ካንዴላ የለውም። አየሩ በፒስተን እጅግ ሲጨመቅ ራሱ ይግላል፤ በዚያ በጋለ አየር ላይ ናፍጣው እንደ ጉም ሆኖ ሲረጭ ይቀጣጠላል። ነገር ግን ናፍጣውን በልኩ፥ በሰዓቱና በታላቅ ግፊት የሚረጭ መሣሪያ ማግኘት ብዙ ዘመን አስቸግሮ ነበር። የናፍጣ ሞተር በጭነት መኪና ላይ በሰፊው ሊገባ የቻለው የሮበርት ቦሽ ፋብሪካ በ1927 ይህን ፖምፓ በብዛት መሥራት ከጀመረ ወዲህ ነው። በተለመደው ፖምፓ ውስጥ ቀጫጭን ብረቶች በየሲሊንደራቸው ይመላለሳሉ። በብረቱና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ክፍተት የአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ሺሕኛ ብቻ ነው፤ የሰው ጠጉር ውፍረት ይህን ዐሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። እነዚህን ብረቶች የሚያለሰልሳቸውም ራሱ የሚያልፈው ናፍጣ ነው። ስለዚህ በናፍጣው ውስጥ ውሃ ወይም የላመ አቧራ ቢገባበት፥ ወይም ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ልስላሴው ቢቀንስ፥ ብረቶቹ ይፋቃሉ፤ ፖምፓውም በእውነት ይሞታል።

ይሞታል እንጂ ብቻውን አይታመምም። ናፍጣው ከጋኑ ተነሥቶ በቱቦ ይሄዳል፤ አንዲት ትንሽ መጋቢ ፖምፓ ትስበዋለች፤ በፊልትሮ ተጣርቶ ወደ ትልቁ ፖምፓ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ኖዝሎቹ ይገፋል። በዚህ መንገድ ላይ ከየትኛውም ቦታ ችግር ቢነሣ ሾፌሩ የሚያየው ምልክት ያው አንድ ነው፤ ዳገት ላይ ኀይል ማነስ። ፊልትሮው ቢደፈን እንዲሁ ነው። ቱቦው በስንጥቅ አየር ቢስብ እንዲሁ ነው። መጋቢዋ ፖምፓ ብትደክም እንዲሁ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ የጋኑ ክዳን ነገር ነው። በክዳኑ ላይ ወይም በጋኑ ላይ ናፍጣው በተቀነሰ ቁጥር አየር የሚገባበት ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ ይህ ቀዳዳ በጭቃ ከተደፈነ ጋኑ ውስጥ አየር ያጥራልና ናፍጣው አልሳብ ይላል። መኪናው ሲቆም አየሩ ቀስ እያለ ይገባል፤ ሞተሩም ይነሣል፤ ጥቂት ሄዶ እንደገና ይቆማል። ይህን ለማወቅ ክዳኑን ከፍቶ «ሽው» የሚል ድምፅ ማዳመጥ ብቻ ይበቃል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ አንድ ሳንቲምም አያስወጣም።

ስለዚህ ዐዋቂ መካኒክ ርካሹን አስቀድሞ፥ ውዱን በመጨረሻ ይመረምራል። ክዳኑን ይከፍታል፤ ፊልትሮውን ፈትቶ በዕቃ ላይ ገልብጦ ውሃና ዝቃጭ እንዳለው ያያል፤ ቱቦውን በሚያሳይ ላስቲክ ለውጦ የአየር አረፋ መኖሩን ይመለከታል፤ መጋቢዋን በእጁ ገፍቶ ይፈትናል። ትልቁ ፖምፓ ተፈትቶ በመፈተኛው ማሽን ላይ የሚወጣው ይህ ሁሉ አልፎ ነው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለናፍጣም ሳይሠራ አይቀርም።

የእኛ መካኒክ ግን ይህን ሁሉ ሳያደርግ ፖምፓውን ለወጠ እንበል። መኪናውም ተነሣ፤ ዳገቱንም ወጣ። ባለቤቱ አመሰገነ፥ ከፈለ፥ ሄደ። እዚህ ላይ አንባቢ በጥንቃቄ እንዲያስብልኝ እለምናለሁ። ፖምፓ ሲለወጥ ቱቦዎቹ ሁሉ ይፈታሉ፥ እንደገናም ይጠብቃሉ፤ ፊልትሮውም በዚያው ይለወጣል፤ በመሥመሩ ውስጥ ያለው አየር ተገፍቶ ይወጣል፤ የጋኑም ክዳን ናፍጣ ሊሞላ ይከፈታል። ከእነዚህ ከአራቱና ከአምስቱ ሥራዎች መኪናውን ያዳነው የትኛው ነው? ማንም አያውቅም። መካኒኩ ግን ያዳነው ፖምፓው እንደ ሆነ ያምናል፤ በሚቀጥለውም መኪና ላይ «ፖምፓው ነው» ሲል ካለፈው ይልቅ በድፍረት ይናገራል። ግምቱ እንደ ዕውቀት የተቈጠረለት በሥራው መሳካት ነው፤ መሳካቱም እንዳይመረምር አደረገው። በእንዲህ ያለ መንገድ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው የሃያ ዓመት ልምድ አለው እንላለን፤ እርሱም ይለዋል። ከሥሩ ቆመው መፍቻ የሚያቀብሉት ልጆችም ከእርሱ የሚማሩት መፍታትና ማሰር ብቻ አይደለም፤ ሳይመረምሩ በእርግጠኝነት መናገርንም አብረው ይማራሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ከገንዘቡ ጉዳት ይልቅ ይህ የባሰ ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1877 ዊልያም ክሊፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ይህን የሚመስል ጥያቄ በመርከብ መስሎ ጽፎ ነበር። አንድ ባለ መርከብ መርከቡ ማርጀቱን እየጠረጠረ፥ ሳያስመረምር፥ «እስከ ዛሬ ደርሶ የለምን?» ብሎ ራሱን አሳምኖ መንገደኞች አሳፍሮ ይልከዋል። መርከቡ ሰጥሞ ሰዎቹ ቢያልቁ በደለኛ መሆኑን ማንም አይክድም። ክሊፎርድ ግን በዚህ አያቆምም፤ መርከቡ በደኅና ቢደርስስ ብሎ ይጠይቅና ያው በደለኛ ነው ይላል። ለማመን የሚያበቃ ማስረጃ ሳይኖረው አምኗልና፤ በደሉ መርከቡ ወደቡን በለቀቀ ጊዜ ተፈጽሟልና፤ በደኅና መድረሱ ያልታወቀበት አደረገው እንጂ ንጹሕ አላደረገውም። በዚህ ሚዛን ብንመዝነው መካኒካችን ጥፋተኛ የሚሆነው ፖምፓው ደኅና ሆኖ ሲገኝ ብቻ አይደለም፤ ፖምፓው በእርግጥ የሞተ ሆኖ ቢገኝም ነው።

ይህን ሲሰማ አንድ ልምድ ያለው መካኒክ እንደሚቈጣ አልጠራጠርም። «እናንተ መጽሐፍ የምታነቡ ሰዎች በሌሊት፥ በዝናብ፥ በወራቤና በቡታጅራ መካከል መኪና ቆሞባችሁ ያውቃልን? ያን ጊዜ ሁሉ ተመርምሮ እስኪያልቅ ማን ይጠብቃል?» ይላል። እውነት አለው። ዊልያም ጄምስ የተባለው የአሜሪካ ፈላስፋም በ1896 ለክሊፎርድ የመለሰለት መልስ ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ ማስረጃው እስኪሞላ መጠበቅ ራሱ አንድ ምርጫ የሚሆንበት፥ የጠበቀውም ሰው የሚጎዳበት ጊዜ አለ ብሏል። ጄምስ የተናገረው በተለይ ስለ ሃይማኖት ነው፤ ነገር ግን በመንገድ ዳር ለቆመ መኪናም ይሠራል። ሐኪም በትኩሳት ለሚቃጠል ሕፃን ሁሉ ነገር እስኪረጋገጥ አይቆይም። መገመት ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ሥራ የሚባል ነገር በዓለም ላይ ባልተሠራም ነበር።

ስለዚህ ጥፋቱ በመገመቱ አይደለም፤ ግምቱን በዕውቀት ዋጋ በመሸጡ ነው። «ፖምፓው ሞቷል» በማለትና «ፖምፓው ይመስለኛል» በማለት መካከል ያለው ልዩነት የትሕትና ልዩነት ብቻ መስሎ ይታያል። ነገሩ ግን ከዚያ ይበልጣል። በመጀመሪያው ቃል ባለ መኪናው የሚመርጠው ነገር የለውም፤ የሞተ ነገር ይለወጣል እንጂ ምን ይደረጋል? በሁለተኛው ቃል ግን ምርጫ ተሰጥቶታል። መካኒኩ እንዲህ ቢል፦

«ጋሼ፥ ምልክቱ የፖምፓ ይመስላል፤ ግን አልፈተንሁትም። መጀመሪያ ክዳኑንና ፊልትሮውን ልየው፤ ይህ የዛሬ ከሰዓት ሥራ ነው። ካልሆነ ትልቁን ፈትተን አዲስ አበባ ልከን እናስፈትነዋለን። ልፈትን የለብህም ለውጥልኝ ካሉኝም እለውጥልዎታለሁ፤ ገንዘቡ የርስዎ ነው።»

ባለ መኪናውም «አይ ልጄ፥ ጎመኑ እየጠወለገብኝ ነው፤ ለውጠውና ልሂድ» ቢለው፥ ኋላ ፖምፓው ደኅና ሆኖ ቢገኝ ማንም ማንን አይወቅስም። ዕጣውን የጣለው ዋጋውን የሚከፍለው ሰው ራሱ ነውና። በመጀመሪያው ሁኔታ ግን ዕጣውን የጣለው መካኒኩ ሲሆን የተጣለበት ገንዘብ የሌላ ሰው ነው፤ ያም ሰው ዕጣ እየተጣለበት መሆኑን አላወቀም።

ፕላቶን እንደ ጻፈው ሶቅራጥስ በተከሰሰበት ፍርድ ቤት ሲናገር፥ ከእርሱ የሚበልጥ ዐዋቂ ለማግኘት ፖለቲከኞችን፥ ባለ ቅኔዎችን፥ በመጨረሻም የእጅ ሙያተኞችን እየዞረ መጠየቁን ይተርካል። ከሦስቱ ወገኖች በእውነት የሚያውቁት ነገር ያላቸው ሆነው ያገኛቸው የእጅ ሙያተኞቹን ነው፤ እርሱ የማያውቀውን ብዙ መልካም ነገር ያውቁ ነበር። ጉድለታቸው ሙያቸውን ስለሚያውቁ ሌላውንም የሚያውቁ እየመሰላቸው መናገራቸው ነበር። ለሙያተኛ የተሰጠ ከዚህ የሚበልጥ ክብር፥ ከዚህም የሚጠነክር ተግሣጽ አላነበብሁም። መፍቻ መያዝ የማይችል ሰው ስለ ፖምፓ ቢሳሳት አይደንቅም፤ ሙያተኛውን የሚያስተው ግን ያው እውነተኛ ሙያው ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ ጥፋቱን ሁሉ በመካኒኩ ላይ ጥለን እንዳንሄድ። «አላውቅም፥ ልመርምር» የሚለውን መካኒክ የሚሸሸው ማን ነው? ባለ መኪናው ነው። ከጎን ያለው ጋራዥ ገና ኮፈኑ ሳይከፈት «ይኸማ ፖምፓ ነው» ሲለው፥ ይህ ነው ዐዋቂ ማለት ብሎ መኪናውን ወደዚያ ይነዳል። እርግጠኝነትን የሚገዛ ሰው ካለ የሚሸጥለት አይጠፋም። ከዚህም በላይ ባለ መኪናውና ሾፌሩ የሚደብቁት ነገር አለ። ማደያ ላይ ናፍጣ ጠፍቶ ሰልፉ ሲረዝም ከመንገድ ዳር በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ አለ፤ በውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ጋኑ ደርቆ ሞተሩ አየር እስኪስብ የተነዳበት ቀን አለ። ሾፌሩ ይህን ለጌታው አልነገረም፤ ጌታውም ቢያውቅ ለመካኒኩ አይነግርም፤ ያፍራል፤ ወይም ዋጋ ይጨምርብኛል ብሎ ይፈራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለሰው ብቻ አይደለም። ቆሻሻ በሞላበት ጋን ላይ አዲስ ፖምፓ መግጠም ቆሻሻውን ለአዲሱ ማጠጣት ነው፤ ስድስት ወር ሳይሞላው ያው ሰው ያንኑ ጋራዥ «ሐሰተኛ ዕቃ ሸጠህልኝ» ብሎ ይከሳል።

አንድ ከባድ ነገር ቀርቷል። መካኒኩ «ሞቷል» ብሎ የለወጠውን አሮጌ ፖምፓ ባለ መኪናው ምን ያደርግልኛል ብሎ ትቶለት ሄደ። መካኒኩም መለዋወጫ ይሆነኛል ብሎ ለሚያድሱ ሰዎች አዲስ አበባ ላከው። እነርሱም በማሽን ላይ አውጥተው ፈትነው «ይህ ፖምፓ ምንም የለበትም» ብለው ደወሉለት። መኪናው በአዲሱ ፖምፓ እየሠራ ነው፤ ባለቤቱ ደስ ብሎታል፤ ነገሩን የሚያውቅ ከመካኒኩ በቀር በሆሳዕና አንድ ሰው የለም። ይናገር ወይስ ዝም ይበል?

ዝም ይበል የሚሉ ሰዎች ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። ሰውየውን ከማሳዘን በቀር ምን ይጠቅማል? ገንዘቡ ወጥቷል፤ መኪናው ተነሥቷል፤ ጋራዡም ስሙ ይጠፋል ይላሉ። እኔ ግን መናገር አለበት እላለሁ፤ ምክንያቴም ስለ ሕሊና ብቻ አይደለም። መኪናውን ያቆመው እውነተኛው ነገር ገና አልታወቀም ማለት ነው፤ ጋኑ ውስጥ፥ ቱቦው ላይ ወይም ክዳኑ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ መኪናውም ሰው ጭኖ ወይም እህል ጭኖ ያንኑ ዳገት ነገ ይወጣል። ደግሞም ያ አሮጌ ፖምፓ ሙት ነው ተብሎ የተተወ እንጂ ደኅና መሆኑ ታውቆ የተሰጠ ስላልሆነ አሁንም የባለ መኪናው ንብረት ነው። ባለቤቱ በሐሰት ቃል የተወውን ነገር ወስዶ መሸጥ ከኪሱ እንደ መውሰድ ይቈጠራል።

የአዲሱን ዋጋ በተመለከተ መካኒኩ አስቀድሞ «ግምቴ ነው» ብሎ ከነበረ ዕዳ የለበትም። «ዐውቃለሁ» ብሎ ከነበረ ግን ቢያንስ የእጁን ዋጋ መመለስ ይገባዋል፤ በእጁ ካላገኘ በሚቀጥለው ጊዜ ፊልትሮውን፥ ቱቦውንና ጋኑን ያለ ዋጋ አጥቦ ይክፈለው። አሮጌው ፖምፓ ግን በጨርቅ ተጠቅልሎ፥ አፎቹ አቧራ እንዳይገባባቸው ተደፍነው፥ ደኅና ነው የሚለው የመፈተኛው ወረቀት ታክሎበት በሳምንቱ ውስጥ ለባለቤቱ ይድረስ፤ ሶማሌ ተራ ወስዶ ቢሸጠው ከከፈለው ጥቂቱ ይመለስለታል።